ሪአክሽን ኪሎ አያውቅም

ቅዳሜ ከሰዓት ለመሰናዶ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ነው የገለበጥኩት። ድግግሞሹን ቀነስኩ እንጂ አነጋገሩን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። መግቢያ አላበዛም፣ በጥያቄ እንጀምር። አንድ ኪሎ ናይትሮጅን አለን፤ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅንም አለን። ሁለቱ ሲዋሃዱ አሞኒያ ይሆናሉ። ለአንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ሦስት የሃይድሮጅን ሞለኪውል ያስፈልጋል፤ ከዚያ ሁለት የአሞኒያ ሞለኪውል ይወጣል። እንግዲህ ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው ነው? እጅ አውጡ። ወላጆችም አትፈሩ፣ ማርክ የለውም።

እሺ። አብዛኛው እጅ ለሃይድሮጅን ወጣ። ሦስት ያስፈልጋል ተብሏላ! ብዙ የሚፈለገው ቶሎ ያልቃል ማለት ተፈጥሯዊ ነው። ግን ቀድሞ የሚያልቀው ናይትሮጅኑ ነው። እንዲያውም ከሃይድሮጅኑ ሦስት አራተኛው እንኳ ሳይነካ ይቀራል።

ሒሳቡን እንየው። ሞል እንደ ደርዘን ያለ የቅንጣት መቁጠሪያ ነው፣ ትርጉሙ ይመጣል። አንድ ሞል ናይትሮጅን 28 ግራም ይመዝናል። አንድ ሞል ሃይድሮጅን ግን 2 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ናይትሮጅን 35.7 ሞል ገደማ ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 500 ሞል ነው። በሚዛን እኩል ናቸው፣ በቁጥር ግን አንዱ ሌላውን 14 ጊዜ ይበልጠዋል። 35.7 ሞል ናይትሮጅን የሚፈልገው 107 ሞል ሃይድሮጅን ነው፤ ይህም 214 ግራም ገደማ ነው። 786 ግራም ሃይድሮጅን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል ማለት ነው። የሚገኘው አሞኒያ 1214 ግራም ነው። አሁን 1214 እና 786 ደምሩ። 2000 ግራም! ያስገባነው ሁለት ኪሎ፣ ያለው ሁለት ኪሎ። ይህ ድምር ካልመጣላችሁ አንድ ቦታ ስታችኋል ማለት ነው፤ መልሱን ከማስረከባችሁ በፊት የምትፈትሹበት ነጻ መሣሪያ ነው፣ ግን ተማሪ ሲጠቀምበት ብዙም አላይም።

የዛሬው ወሬዬ በሙሉ ይኸው ነው። ሚዛናችን ላይ ያለው ኪሎና ግራም ነው። ገበያ ሄደን የምንገዛው በኪሎ ነው። ሪአክሽኑ ግን ኪሎ አያውቅም፤ የሚያውቀው ብዛት ነው። ከግራም ወደ ብዛት፣ ከብዛት ወደ ብዛት፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ግራም። መሐል ላይ ያለችውን እርምጃ ዘልሎ ከግራም ቀጥታ ወደ ግራም ለመሄድ የሞከረ ሁሉ ገደል ይገባል። ወደ ብዛት የምትወስደን ድልድይ ሞል ነች። አንድ ሞል ማለት 6.022 በ10 ርቢ 23 ሲባዛ የሚወጣው ያህል ቅንጣት ነው። ድሮ ትርጉሙ ከ12 ግራም ካርቦን ጋር የታሰረ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ግን ቁጥሩ ራሱ ትርጉም ሆኖ ተቆርጧል፤ 6.02214076 ብሎ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ አሥርዮሽ የለውም።

ቀድሞ የሚያልቀውን፣ ክፍል ውስጥ ሊሚቲንግ ሪአክታንት የምንለውን፣ በባጃጅ አስቡት። አንድ ባጃጅ አንድ ቦዲና ሦስት ጎማ ይፈልጋል። 10 ቦዲና 24 ጎማ ያለው ጋራዥ ስንት ባጃጅ ያወጣል? ስምንት። ጎማው ከቦዲው በቁጥር ይበልጣል፣ ሆኖም ቀድሞ ያለቀው ጎማው ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሞል ማውጣት የቻሉ ጎበዝ ተማሪዎች ሳይቀሩ እዚች ጋ ይሸወዳሉ፤ ሁለቱን ሞል ያወጡና ትንሹን ቁጥር «ሊሚቲንግ» ብለው ያልፋሉ። 2 ሞል ናይትሮጅንና 5 ሞል ሃይድሮጅን ቢሰጣችሁስ? ትንሹ ቁጥር 2 ነው፣ ቀድሞ የሚያልቀው ግን ሃይድሮጅኑ ነው፤ ምክንያቱም 2 ሞል ናይትሮጅን 6 ሞል ሃይድሮጅን ይፈልጋል፣ ያለን 5 ነው። እያንዳንዱን ሞል ኢኩዌሽኑ ላይ ፊቱ ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉት፣ ከዚያ አወዳድሩ። 2 ለ1 ሲካፈል 2 ነው፣ 5 ለ3 ሲካፈል 1.67 ነው። በቃ፣ አለቀ።

ይህን ጥበብ ስቶይኪዮሜትሪ ብሎ ስም ሰጥቶ መጽሐፍ የጻፈለት ኤሬሚያስ ቤንያሚን ሪክተር የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1792 ነው ማሳተም የጀመረው። ሰውዬው ኬሚስትሪ ሁሉ የሒሳብ ቅርንጫፍ ነው ብሎ የሚያምን ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፉም በኬሚስትሪ ውስጥ ስለ ሒሳብ አጠቃቀም ነው። እንግዲህ ክፍል ውስጥ «ሒሳብ ሸሽቼ ኬሚስትሪ መረጥኩ» የምትሉ ልጆች፣ ገና ከመጀመሪያው ተበልታችኋል። ከሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ላቮዝየ በሪአክሽን ውስጥ ክብደት እንደማይጠፋ በሚዛን አሳይቶ ነበር። ታሪኩን እዚህ ላይ ልተወው፣ ወደኛ ቤት እንምጣ።

ማዳበሪያ። እዚህ ካላችሁት መሐል የገበሬ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የዩሪያ ከረጢት ላይ 46 የሚል ቁጥር አለ። ከየት መጣ? አንድ ሞል ዩሪያ 60 ግራም ነው። ውስጡ ሁለት የናይትሮጅን አተም አለ፣ 28 ግራም። 28 ለ60 ሲካፈል 46.7 ከመቶ። ይኸው ነው። በዓለም ላይ ያለ የትኛውም ፋብሪካ ቢጠበብ ከዚህ የበለጠ ናይትሮጅን ያለው ዩሪያ ሊሠራ አይችልም። አንድ ሰው መጥቶ «የኔ ዩሪያ 52 ከመቶ ነው» ካላችሁ አትከራከሩት፤ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ስለዚህ በ50 ኪሎው ከረጢት ውስጥ ለሰብሉ የሚሆነው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ነው። የቀረው 27 ኪሎ ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው፤ እነሱን ተክሉ ከአየርና ከውሃ በነጻ ያገኛቸዋል።

የዳፕ ከረጢት ላይ ያለው ግን ትንሽ ተንኮል አለበት። 18-46 ይላል። 18ቱ ናይትሮጅን ነው፣ እሺ። 46ቱስ? ብዙ ሰው «46 ከመቶ ፎስፎረስ» ብሎ ያነበዋል። አይደለም። 46 የሚለው ፎስፎረሱ በሙሉ ኦክሳይድ ቢሆን ኖሮ የሚመዝነውን ነው። የድሮ ኬሚስቶች ውጤታቸውን በኦክሳይድ መልክ ይጽፉ ስለነበር የቀረ ልማድ ነው። ያ ኦክሳይድ ከረጢቱ ውስጥ የለም! ሁለት ፎስፎረስ 62 ግራም፣ አምስት ኦክስጅን 80 ግራም፣ ድምሩ 142። 62 ለ142 ሲካፈል 44 ከመቶ ገደማ። ስለዚህ የ46ቱ 44 ከመቶ ስንት ነው? 20። አንድ ኩንታል ዳፕ ውስጥ 20 ኪሎ ፎስፎረስ ነው ያለው። 19-38-7 የተባለው ኤን ፒ ኤስ ላይም እንደዚሁ ነው፤ 38ቱ ሲመነዘር 16.6 ኪሎ ይሆናል። ማንም ማንንም አላታለለም፣ ዓለም በሙሉ የሚጽፈው እንዲህ ነው፤ ግን ሁለት ማዳበሪያ በዋጋ ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢያወዳድር ሒሳቡ ሁሉ የጨረባ ተዝካር ይሆንበታል። ሰብልም ቢሆን ቀድሞ ባለቀው ነው የሚወሰነው፤ ካርል ስፕሬንግል አንሥቶት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ያስፋፋው ሐሳብ ይኸው ነው። ፎስፎረስ የጎደለው ማሳ ላይ ዩሪያ ብታፈሱበት ገንዘብ ነው ያፈሰሳችሁት።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ምሳሌ ልጨምር፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ ስሠራው ደስ ብሎኛል። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ላይ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ ጎዴ ላይ የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርመዋል። የታሰበው አቅም በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ነው፣ ጋዙም ከካሉብና ከሂላላ ነው የሚመጣው ተብሏል። ስለ ገንዘቡና ስለ ፖለቲካው የሚያወራ ሞልቷል። እኛ ደግሞ በሞል እንየው።

ዩሪያ የሚሠራው ከሁለት አሞኒያና ከአንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከዩሪያው ጋር አንድ ውሃ ይወጣል። በግራም ስናስቀምጠው 34 አሞኒያ እና 44 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶ፣ 60 ዩሪያና 18 ውሃ ይወጣል። 78 ገባ፣ 78 ወጣ። ስለዚህ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ 1.7 ሚሊዮን ቶን አሞኒያና 2.2 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። ለአሞኒያው 1.4 ሚሊዮን ቶን ናይትሮጅን ከአየር ይወሰዳል፤ እሱ ችግር የለውም፣ ሰማይ ሙሉ ነው። የቀረው 300 ሺህ ቶን ሃይድሮጅን ነው። ጋዙ የሚፈለገው ለሱ ነው፤ የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። አንድ ሚቴን ከሁለት የውሃ ተን ጋር ሲዋሃድ አራት ሃይድሮጅንና አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። 16 ግራም ሚቴን 8 ግራም ሃይድሮጅን ያወጣል ማለት ነው። ስለዚህ 300 ሺህ ቶን ሃይድሮጅን ለማግኘት ቢያንስ 600 ሺህ ቶን ሚቴን ያስፈልጋል። ይህ ጥሬ ዕቃው ብቻ ነው፤ ምድጃውን ለማሞቅ የሚነደው ለብቻው ይታሰባል።

አሁን ቆንጆው ነገር መጣ። ከ600 ሺህ ቶን ሚቴን ስንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኛል? 16 ግራሙ 44 ስለሚሰጥ፣ 1.65 ሚሊዮን ቶን። የሚያስፈልገን ግን 2.2 ሚሊዮን ነበር። ጎደለ! በዓለም ሁሉ እንደ ቆሻሻ የሚታየው፣ ከጭስ ማውጫ ይወጣል ብለን የምንጮህበት ጋዝ እዚህ ጋ ቀድሞ የሚያልቀው ዕቃ ሆኖ ቁጭ አለ። እርግጥ በእውነተኛ ፋብሪካ ክፍተቱ ይጠባል፤ ናይትሮጅኑን ለማምጣት አየር ሲነፋ ኦክስጅንም አብሮ ስለሚገባ የተወሰነ ሚቴን ያቃጥላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ይጨምራል። ጋዙ ንጹሕ ሚቴን ከሆነ ግን ያም ሆኖ ትንሽ ይጎድላል። ለዚህ ነው አንዳንድ የዩሪያ ፋብሪካዎች ከራሳቸው ምድጃ ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀሙ የሚመልሱት፣ ሌሎቹ ደግሞ የተረፈውን አሞኒያ እንዳለ የሚሸጡት። መሐንዲሱ ብረት ከመበየዱ በፊት ይህን የሚያውቀው እናንተ 11ኛ ክፍል በምትሠሩት ሒሳብ ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ኢኩዌሽን የሚነግራችሁ ጣሪያውን ነው። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ምድጃ ውስጥ አንዴ ሲያልፉ ወደ አሞኒያ የሚለወጠው 15 ከመቶ ገደማ ነው። የቀረው ተመልሶ ይዞራል፣ እንደገና ይገባል። ፋብሪካ የሚያህል ነገር የተሠራው ለዚህ ማዞር ነው ማለት ይቻላል። ፈተና ላይ «ፐርሰንት ይልድ»፣ ማለትም ከጣሪያው ስንት ከመቶው ተገኘ፣ ሲባል የምትሰለቹት ነገር ኢንዱስትሪ ውስጥ የቢሊዮን ብር ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ከሰል ልሂድ። ወላጆችን በተለይ የጋበዝኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ 22.4። ሁላችሁም ሸምድዳችኋታል፤ አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ይይዛል። ልክ ነው፣ ግን በዜሮ ዲግሪ፣ በባሕር ወለል ግፊት። አዲስ አበባ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ፣ 20 ዲግሪ ላይ፣ አንድ ሞል ጋዝ 31.6 ሊትር ገደማ ይይዛል። በተመሳሳይ ክፍል ውስጥ ጅቡቲ ካለው ሰው ያነሰ አየር ነው ያለን።

አሁን ሦስት በአራት ሜትር የሆነች፣ ጣሪያዋ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነች ክፍል እንውሰድ። የኪራይ ቤት አውቃችሁታል። 30 ሜትር ኩብ፣ ወይም 30 ሺህ ሊትር። ለ31.6 ስናካፍል 950 ሞል አየር። 21 ከመቶው ኦክስጅን ስለሆነ 200 ሞል ኦክስጅን። ታኅሣሥ ነው፣ ብርድ ነው፣ በሩ ተዘግቷል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ማንደጃው ላይ አለ። ከሰል ሁሉም ካርቦን አይደለም፣ 800 ግራሙ ካርቦን ነው እንበል። ለ12 ሲካፈል 67 ሞል።

ሙሉ በሙሉ ቢነድ አንድ ካርቦን አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል፣ ማለትም ሁለት አተም፣ ይወስዳል። 67 ሞል ካርቦን 67 ሞል ኦክስጅን ይበላል፤ 200 ነበረ፣ 133 ቀረ። ብዙ ሰው ከሰል የሚገድለው «ኦክስጅን ጨርሶ» ነው ይላል። እስካሁን ባለው ሒሳብ ኦክስጅኑ ከ21 ወደ 14 ከመቶ ወርዷል። ይህ ያደክማል፣ ያስተኛል፣ አደገኛም ነው። ግን አላለቀም። ገዳዩ ሌላ ነው።

ከሰሉ ሙሉ በሙሉ አይነድም። ካርቦኑ ውስጥ ለውስጥ፣ ኦክስጅን በደንብ በማይደርስበት ቦታ፣ ለእያንዳንዱ አተም ሁለት የኦክስጅን አተም ሳያገኝ አንድ ብቻ ይዞ ይወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይህ ነው። ልብ በሉ፣ ክፍሉ ውስጥ የተትረፈረፈ ኦክስጅን አለ፤ ከሰሉ መሐል ላይ ግን ሊሚቲንግ ሪአክታንቱ ኦክስጅን ነው። እንግዲህ ቸር ሆነን ከካርቦኑ 5 ከመቶ ብቻ እንዲህ ሆነ እንበል። ማንደጃ ከዚህ በላይ ነው የሚያወጣው፣ ግን እንቸረው። የ67ቱ 5 ከመቶ 3.3 ሞል ነው። 3.3 ሞል በ950 ሞል አየር ውስጥ ሲበተን ከሚሊዮን 3500 እጅ ይሆናል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ለሕይወት በቀጥታ አደገኛ ብሎ ያስቀመጠው ከሚሊዮን 1200 ነው። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ግማሽ ኪሎ ከሰል ብታደርጉትም 1750 ነው፣ ያው አልፏል። ቤቱ ቀዳዳ ስላለው፣ ከሰሉም በአንዴ ስለማይነድ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል። ግን ዝቅ የሚያደርገው የበሩ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ያንን ቀዳዳ በጨርቅ የምንጠቀጥቀው እኛው ነን።

በዚህ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ የደማችንን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ከፍታ ላይ ስለምንኖር ኦክስጅኑ ቀድሞውኑም አንሶብናል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው።

ጥያቄ ሲፈቀድ አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው፣ «እኛ እኮ ጭሱ እስኪወጣ ውጭ አቆይተን፣ ፍም ሲሆን ነው የምናስገባው፤ ፍሙ ምን ያደርጋል?» አሉ። እማማ፣ ጥሩ አድርገው ጠየቁ። ጭሱ የሚታየው እርጥበቱና ያልከሰለው እንጨት ነው። እሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ስለዚህ ቢያንስ ያስወጣናል። ፍሙ ግን ዝም ብሎ ነው የሚሠራው። ታች የተሠራው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀላው ፍም መሐል ሲያልፍ ሌላ ካርቦን ያገኛል፤ አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አንድ ካርቦን ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናሉ። 44 እና 12፣ 56። ፍሙ በቀላ ቁጥር ይህ ሪአክሽን ይበረታል። ስለዚህ ጭስ የሌለው ፍም መርዙ ያለቀለት ከሰል አይደለም፤ ቡና ከተፈላ በኋላ በዓመዱ ተሸፍኖ ጥግ የተቀመጠውም እንዲሁ።

«ታዲያ መስኮቱን ምን ያህል እንክፈት?» አሉኝ። ለዚህ ቁጥር አልሰጥዎትም፤ ነፋሱ፣ የመስኮቱ ቦታ፣ የከሰሉ መጠን፣ ሁሉም ይለዋወጣል። የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ፍም አይደር፣ ትንሽም ቢሆን፣ መስኮት ቢከፈትም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። መጀመሪያ ሰዎቹን ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ ማንደጃውን፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። ተሽሎኛል ቢልም ሄዶ ይታይ።